ጸሎት ቤት ውስጥ የተቀረጸ ሳቅ፦ የማንችስተር ርካሽ ፊልሞች እንዴት ተወለዱ?

አንዲት ወፍራም ሴትዮ በጓሮ ግንብ ላይ ብቅ ትላለች። ክንዶቿን ግንቡ ላይ አነባብራ ከጎረቤቷ ጋር ሐሜት ትጀምራለች። ጎረቤቷን አናያትም፤ መልሷንም አንሰማም። ወሬው ተራ ወሬ እስከሆነ ድረስ የሴትዮዋ ድምፅ ይሰማል። ነገሩ ወደ ሰው ገመና ሲዞር ግን ድምፁ ጥፍት ይላል። ከንፈሯ ብቻ ይሠራል፤ ይለጠጣል፣ ይጠብባል፣ ይከፈታል። ዓይኗ ሰው እንዳይሰማ ግራ ቀኙን ይቃኛል። ከዚያ እግሯ ያዳልጣትና ደረቷ ከግንቡ ጋር ይላተማል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።

ሴትዮዋ ወንድ ናት። ኖርማን ኢቫንስ ይባላል፤ በማንችስተር አቅራቢያ ያለችው የሮችዴል ከተማ ልጅ ነው። ይህችን ሴትዮ መድረክ ላይ ለዓመታት ሲጫወታት ኖሯል። በ1950 በእሷ ዙሪያ ሙሉ ፊልም ተሠራ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያ የከንፈር ነገር ዝም ብሎ የተፈጠረ ቀልድ አይደለም። ማንችስተርና ሮችዴል ያኔ የነበሩባት የሰሜን እንግሊዟ ግዛት ላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካ አገር ነበረች። በአንድ አዳራሽ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ የሽመና ማሽኖች አብረው ሲንኳኩ ጎንህ የቆመ ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማህም። ስለዚህ ሠራተኞቹ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ በከንፈር ማውራት ለመዱ። ቃሉን አጋነው፣ ፊታቸውን ሁሉ አንቀሳቅሰው ይናገራሉ። የወዲያኛዋ ከማሽኑ ማዶ ሆና ከንፈር ታነባለች። በአካባቢው አነጋገር «ሚ-ማው» ይሉታል። ከሥራ ሲወጡም ልማዱ አብሯቸው ይወጣል። በተለይ ልጆች ወይም ወንዶች እንዳይሰሙ የሚፈለግ ነገር ሲኖር ጥሩ መሸሸጊያ ነበር። የኢቫንስ ተመልካቾች የሳቁት እናታቸውን፣ አክስታቸውን፣ ራሳቸውን አይተው ነው።

ይህን ፊልም የሠራው ኩባንያ ማንኩኒያን ፊልምስ ይባላል። «ማንኩኒያን» ማለት የማንችስተር ሰው ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንዲህ ያሉ ርካሽ የሙዚቃ ኮሜዲዎችን በተከታታይ አወጣ። የለንደን ሐያሲያን አብዛኞቹን ንቀዋቸዋል፤ ብዙዎቹም ለንደን ደርሰው በወጉ አልታዩም። በሰሜን እንግሊዝ ግን ሰዉ ይጎርፍላቸው ነበር። ታዲያ ማን ከፈላቸው? ለምን ያኔ? ለምንስ እዚያ? መልሱ ከቀልድ በላይ ነው። የዶላር እጥረት፣ የፓርላማ ሕግና የቲኬት ግብር አለበት። አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ የገበያውን ስፋት መረዳት ያስፈልጋል። በ1946 በብሪታንያ ወደ 1.6 ቢሊዮን የሚጠጋ የሲኒማ ቲኬት ተሸጧል። የሕዝቡ ቁጥር ያኔ 50 ሚሊዮን አይሞላም። ሲካፈል ሕፃኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ ለአንድ ሰው በዓመት ከ30 ጊዜ በላይ ይደርሳል። ያለፈው ጊዜ ጦርነት ነበር፤ የመጣው ጊዜ ደግሞ ችግር። ሥጋ፣ ስኳር፣ ቅቤና ልብስ በራሽን ነው። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ራሽን ያልነካው ዳቦ ከ1946 እስከ 1948 ራሽን ገባ። የ1947 ክረምት በጣም ከባድ ነበር፤ የድንጋይ ከሰል አለቀና ቤት ማሞቅ ጭንቅ ሆነ። ሲኒማ ቤት ርካሽ ነው፣ ይሞቃል፣ ያስቃል። ሌላ ምን ይሻላል?

ችግሩ፣ እዚያ የሚታየው አብዛኛው ፊልም የአሜሪካ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ፊልም የሚከፈለው በዶላር ነው። ብሪታንያ ደግሞ ከጦርነቱ የወጣችው ባዶ ኪስ ሆና ነው። በ1946 ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ተበድራ፣ ገንዘቡ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሊያልቅ ደረሰ። ዶላር ምግብም፣ ነዳጅም፣ ትምባሆም የሚገዛው ነው። ለፊልም በየዓመቱ ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር ይወጣ ነበር። ሮበርት ቡዝቢ የተባሉ የፓርላማ አባል ጉዳዩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልለውት ነበር፦ ከሆሊዉዱ ተዋናይ ከሃምፍሪ ቦጋርትና ከቤከን (ከአሳማ ሥጋ) አንዱን ምረጥ ከተባልኩ ቤከኑን እመርጣለሁ አሉ።

በነሐሴ 1947 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂዩ ዳልተን እርምጃ ወሰዱ። ወደ አገር በሚገባ የውጭ ፊልም ላይ 75 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። ቀረጡ የሚታሰበው ፊልሙ ያስገኛል ተብሎ በሚገመተው ገቢ ላይ ነው። ሆሊዉድ ወዲያው መለሰ፦ አዲስ ፊልም አንልክም አለ። የብሪታንያ ሲኒማ ቤቶች በእጃቸው ያለውን አሮጌ የአሜሪካ ፊልም እየደጋገሙ ማሳየት ጀመሩ። እዚህ ላይ አንድ ያልታሰበ ነገር መጣ። አሮጌውም ፊልም ዶላር ያስወጣል፤ ቀረጡ ግን አይነካውም። ማለትም ዶላሩ መውጣቱን ቀጠለ።

በመጋቢት 1948 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። ቀረጡ ተነሣ። የአሜሪካ ኩባንያዎች በዓመት ማውጣት የሚችሉት 17 ሚሊዮን ዶላርና ጥቂት ተጨማሪ ብቻ ሆነ፤ የቀረውን እዚያው ብሪታንያ ውስጥ እንዲያውሉት ተወሰነ። ተከማችቶ የቆየው የሆሊዉድ ፊልም ግድቡ እንደፈረሰ ውኃ ገባ። በቀረጡ ተማምነው ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ የብሪታንያ ትልልቅ አምራቾች ክፉኛ ተመቱ። መንግሥትም ሌላ መከላከያ መፈለግ ነበረበት። እሱም ኮታ ነው።

ኮታ በፊልም ነገር አዲስ አልነበረም። በ1927 የወጣ ሕግ አከፋፋዮችም ሲኒማ ቤቶችም የተወሰነ መጠን የብሪታንያ ፊልም እንዲይዙ ያስገድድ ነበር። መጠኑ ከጥቂት በመቶ ተነሥቶ በየዓመቱ እያደገ 20 በመቶ ደረሰ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ሕጉ ፊልሙ የብሪታንያ መሆኑን እንጂ ምን ያህል እንደወጣበት አይጠይቅም። የአሜሪካ አከፋፋዮች ይህን አይተው፣ ኮታውን ለመሙላት ብቻ በአንድ ጫማ ርዝመት አንድ ፓውንድ ሒሳብ ፊልም ማሠራት ጀመሩ። ስድስት ሺህ ጫማ ከሆነ ስድስት ሺህ ፓውንድ። በጥድፊያ ስለሚሠሩ «የኮታ ጥድፎች» የሚል የንቀት ስም ወጣላቸው። የ1938ቱ ሕግ ዝቅተኛ ወጪ ወስኖ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሞከረ።

በ1948 የወጣው ሕግ የተለየ ነው። የአከፋፋዮቹን ግዴታ አስቀርቶ ሸክሙን ሲኒማ ቤቶች ላይ ብቻ ጣለ። ከጥቅምት 1 ቀን 1948 ጀምሮ ከዋና ፊልሞቻቸው 45 በመቶ የብሪታንያ ይሁን ተባለ። ያኔ አንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ያሳይ ነበር፤ ከዋናው በፊት አጠር ያለ አጃቢ ፊልም ይቀርባል። ለአጃቢው 25 በመቶ ተወሰነ።

እስቲ ራሳችሁን በአንድ የላንክሻየር ከተማ የሲኒማ ቤት ባለቤት ቦታ አድርጉ። ከ100 ዋና ፊልም 45ቱ የብሪታንያ መሆን አለበት። ነገር ግን አገሪቱ ያን ያህል ፊልም አትሠራም። ከተሠራውም ገሚሱ የተማረ የለንደን ሰው አነጋገር ያለበት የሳሎን ድራማ ነው። የእናንተ ተመልካች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲያንቀሳቅስ የዋለ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሰዉ የማይመጣለት ፊልም ብታሳዩ ትከስራላችሁ፤ ባታሳዩ ሕግ ትጥሳላችሁ። በዚህ መሀል አንድ ሰው መጥቶ፣ «የብሪታንያ ፊልም አለኝ፤ ተመልካችህም የሚወደው ነው» ቢላችሁ እጁን ትስማላችሁ።

ያ ሰው ጆን ኢ. ብሌክሊ ነበር።

ብሌክሊ በ1888 ተወለደ። አባቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲኒማ ውስጥ የገባ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ ፊልም እያከራየ ነው የኖረው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አብዛኛው የፊልም ሠሪ ከቲያትር ወይም ከሥነ ጽሑፍ ነው የሚመጣው። ብሌክሊ የመጣው ከሽያጩ ነው። የቱ ከተማ ምን ሲያይ እንደሚስቅ፣ የቱ ፊልም ሳይታይ እንደሚመለስ ከሒሳብ መዝገብ ያውቀዋል። በ1934፣ በኋላ በመላው አገር ስሙ የገነነውን ጆርጅ ፎርምቢን የመጀመሪያ ድምፅ ያለው ፊልም ያሠራው እሱ ነው። የተቀረጸው ለንደን ውስጥ ከጋራዥ በላይ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ ነው። በጦርነቱ ጊዜም የወታደር ኮሜዲዎችን ሠርቶ ገንዘብ አግኝቶባቸዋል። ስለዚህ የ1948ቱ ሕግ ብሌክሊን አልፈጠረውም። በሩን ግን ወለል አድርጎ ከፈተለት።

ለንደን ሄዶ ስቱዲዮ መከራየት ታክቶት ኖሮ፣ ማንችስተር ውስጥ ራሾልም በሚባለው ሰፈር፣ ዲክንሰን ጎዳና ላይ፣ አንድ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ገዛ። በ1947 ስቱዲዮ አደረገው። ጸሎት ቤት ሰፊ አዳራሽና ከፍ ያለ ጣሪያ አለው፤ መብራት ለመስቀል ይመቻል። ያኔ የብሪታንያ ስቱዲዮዎች ለንደንና ዙሪያዋን ነበር የሰፈሩት። ሰሜን የራሷን ስቱዲዮ ስታገኝ ሰዎች በፍቅር «ጆሊዉድ» እያሉ ጠሩት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ፤ ፊልሞቹ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ የሚገባን እዚህ ጋ ነው። ተመልካቹ ቲኬት ሲገዛ ከሚከፍለው ከሦስት እጅ አንዱ ያህል በመዝናኛ ግብር ስም ወደ መንግሥት ይሄዳል። ከቀረው ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ያነሣል። ቀጥሎ አከፋፋዩ ይወስዳል። የፊልሙ አምራች ከማዕዱ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፊልሙ በሰሜን ብቻ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ማዕዱ ራሱ ትንሽ ነው። ብሌክሊ ይህን ስለሚያውቅ ሁለት ነገር አደረገ። ራሱ አከፋፋይ ስለነበረ የአከፋፋዩ ድርሻ ከእጁ አልወጣም። ወጪውን ደግሞ ከታወቀው የሰሜን ገቢ በታች አደረገው። ፊልሙ ለንደን ባይደርስም ኪሳራ የለም።

ወጪ እንዴት ይቀነሳል? ቀልዱን አዲስ አትጽፍም። ተፈትኖ የሰለጠነ ቀልድ ይዞ የሚመጣ ኮሜዲያን ትቀጥራለህ።

ያኔ በየከተማው ቫራይቲ የሚባል የመድረክ ትርዒት ነበር። በአንድ ምሽት ኮሜዲያን፣ ዘፋኝ፣ አክሮባት፣ ምትሃተኛ ተራ በተራ ይወጣሉ። አንድ ኮሜዲያን አንዲት የ10 ደቂቃ ጨዋታ ይዞ አገር ላገር ሲዞር ዓመታት ይኖራል። እያንዳንዷን ትንፋሽ ያውቃታል። የት ላይ ዝም እንደሚል፣ የት ላይ ዓይኑን እንደሚያጉረጠርጥ በሺህ ምሽት ተፈትኖ የተጠራ ነው። ብሌክሊ ካሜራውን ፊት ለፊት ያቆማል፤ ኮሜዲያኑ ጨዋታውን ከዳር እስከ ዳር ይጫወታል። የድርሰቱ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ቃል የለም፤ እዚህ ጋ እገሌ ይቀልድ የሚል ምልክት ብቻ ነው። የተቀረው በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ካሜራው አይሮጥም፣ ትዕይንቱ አይቆራረጥም። የፊልም ተማሪ ይህን ሲያይ ስንፍና ይለዋል። እኔ ግን አልስማማም። የ10 ደቂቃ ጨዋታን ብትቆራርጠው ትገድለዋለህ፤ ሳቁ ያለው በቆይታው ውስጥ ነውና።

ሙዚቃውም ከዚያው ከቫራይቲ የመጣ ነው። በሆሊዉድ ሙዚቃዊ ፊልም ሰው በፍቅር ሲነደፍ ይዘፍናል፤ ዘፈኑ ታሪኩን ይገፋል። በማንችስተሩ ፊልም ታሪኩ ቆም ይላል። ግብዣ ይኖራል፣ ወይም የወታደሮች ምሽት። ዘፋኝ ይወጣል፣ ይዘፍናል፣ ይጨበጨብለታል፣ ታሪኩ ይቀጥላል። ለዚህ መቶ ዳንሰኛ አያስፈልግም። አንድ ፒያኖ፣ አንድ ጥሩ ድምፅና አንድ ቀን ይበቃል። የአየርላንዱ ቴነር ጆሴፍ ሎክ በ1948ና በ1949 በእነዚህ ፊልሞች ዘፍኗል። በ1953 በወጣው የኩባንያው ፊልም ላይ ደግሞ ከትሪኒዳድ የመጣችው ፒያኒስት ዊኒፍሬድ አትዌል ትታያለች። በቀጣዩ ዓመት በብሪታንያ የሙዚቃ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር አርቲስት ሆናለች። ከእነዚህ ኮከቦች ብዙዎቹ መድረክ ላይ ምን ይመስሉ እንደነበር የምናውቀው እንዲህ ባሉ የተናቁ ፊልሞች ምክንያት ነው።

ከኮሜዲያኖቹ ሁሉ አስቸጋሪውም ተወዳጁም ፍራንክ ራንድል ነበር። በ1901 በዊጋን አቅራቢያ የተወለደ ነው። ጥርሱን በሙሉ አስነቅሎ ነበርና ፊቱን እንደ ጨርቅ ጠቅልሎ ሽማግሌ ይሆናል። መድረክ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውጥቶ ወደ ተመልካች የወረወረበት ጊዜ ነበር ይባላል። ይጠጣል፣ ይቆጣል፣ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ ብላክፑል ላይ ከፖሊስ ጋር በጸያፍ ቀልድ ተካሶ ፍርድ ቤት ቆሟል። በ1948 በወጣ ፊልሙ አንድ ቤተሰብ ለእረፍት ወደ ብላክፑል ይሄዳል። ይህ ለለንደን ተመልካች ተራ ወሬ ሊሆን ይችላል። ለጥጥ ከተማ ሰው ግን ሕይወቱ ነው። በየበጋው አንድ ሳምንት የከተማዋ ፋብሪካዎች ሁሉ አንድ ላይ ይዘጋሉ። ጭሱ ይጠፋል፣ ጎዳናው ጭር ይላል፣ ከተማው በሙሉ በባቡር ወደ ባሕር ዳርቻ ይነቀላል። ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ዕረፍትን የሚመለከት ሕግ የወጣው በ1938 ነው፤ ወዲያው ጦርነት መጣ። ስለዚህ በ1948 ብዙው ሰው መብቱን በሰላም መቅመስ የጀመረው ገና ያኔ ነበር። የፊልሙም ርእስ ይህንኑ የደመወዝ ዕረፍት ነው የሚጠራው።

በዚያው ጸሎት ቤት የተቀረጸው የመጀመሪያው ፊልም ላይ ደግሞ ሳንዲ ፓወል አለ። ፓወል በሬዲዮ የታወቀበት አባባል «እማዬ፣ ይሰማሻል?» የሚል ነው። አንድ ጊዜ በቀጥታ ስርጭት ላይ ወረቀቶቹ ከእጁ ወድቀው ተበታተኑ። እየለቀመ ሳለ ዝም እንዳይል ያችኑ ዐረፍተ ነገር ደጋገማት። በነጋታው አገር ሁሉ እሷን ይላል። በዚያ ፊልም ሚስቱን የተጫወተችው ወጣት ከዓመታት በኋላ ፓት ፊኒክስ በሚል ስም በኮሮኔሽን ስትሪት ድራማ የአገሪቱ ታዋቂ ፊት ሆናለች።

ርካሽ ማለት መናኛ ማለት ነው ለሚል አንድ ማነጻጸሪያ ላቅርብ። በ1946 ትልቁ የራንክ የፊልም ድርጅት ለንደን ታውን የተባለ ሙዚቃዊ ፊልም በቴክኒከለር፣ ማለትም በቀለም፣ አወጣ። ዳይሬክተሩ ከአሜሪካ መጣ፤ ወደ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ እንደፈጀ ይነገራል። ክፉኛ ወደቀ። ዛሬ ሰው ያንን ፊልም የሚያነሣው በአንድ ምክንያት ነው፦ ኮሜዲያኑ ሲድ ፊልድ የመድረክ ጨዋታዎቹን ውስጡ ተጫውቷል፤ የጎልፉ ጨዋታ አንዱ ነው። ፊልድ በ1950 ሞተ። ከሚሊዮኑ ፓውንድ የተረፈው ፊት ለፊት ቆሞ የተጫወተው የመድረክ ጨዋታ ነው። ብሌክሊ ከመጀመሪያው የቀረጸው ያንኑ ነበር።

እርግጥ ድክመታቸውን መደበቅ አልፈልግም። ታሪካቸው ልል ነው። አንዳንዶቹ ከሚገባው በላይ ረጅም ናቸው። አንዳንዱ ቀልድ ዛሬ ያሳፍራል። ሰዎቹ የሚስቁበትን የሰፈር አነጋገር የማያውቅ ተመልካች ግማሹ ያመልጠዋል። ያ ግን የኮታ ጥድፎቹ ዓይነት ድክመት አይደለም። ጥድፎቹ የተሠሩት ማንም እንዲያያቸው ሳይሆን ሕጉ እንዲሞላ ነው። የማንችስተሮቹ የተሠሩት ደግሞ ሠልፍ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ርካሽ ብሎ መጥራት ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል።

መጨረሻው ፈጥኖ መጣ። ሲኒማ ቤቶች 45 በመቶውን መሙላት አቅቷቸው አብዛኞቹ ቅናሽ ጠየቁ። ኮታው በ1949 ወደ 40፣ በ1950 ወደ 30 በመቶ ወረደ። ከዚያ ቴሌቪዥን ገባ። በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘውድ ለማየት ብዙ ቤተሰብ ቴሌቪዥን ገዛ። የቫራይቲ ቲያትሮች አንድ በአንድ መዘጋት ጀመሩ። እነሱ ሲዘጉ ብሌክሊ ተዘጋጅቶ የሚያገኘው ኮሜዲያን የሚፈልቅበት ምንጭ ደረቀ። እሱም በ1953 አካባቢ ሥራውን አቆመ። ራንድል በ1957 ሞተ፤ ብሌክሊ በ1958።

ጸሎት ቤቱን በ1954 ቢቢሲ ገዛው፤ ከለንደን ውጪ ያለው የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ስቱዲዮ አደረገው። ጥር 1 ቀን 1964 ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ የተባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው ከዚያ ነው። ደስቲ ስፕሪንግፊልድና ሮሊንግ ስቶንስ ቆመው የዘፈኑት ራንድል ጥርስ አልባ ፊቱን ባጣጠፈበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ቢቢሲ በ1975 ለቅቆ ወጣ፤ ሕንፃው ከዚያ በኋላ ፈርሷል።

ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ከኖርማን ኢቫንስ የግንብ ትርዒት ጀምሩ። መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። የሴትዮዋን ከንፈር ብቻ ተከተሉ፤ ማሽኑ ይጮሃል፣ ወዳጃችሁ ከማዶ ቆማለች ብላችሁ አስቡ። ከዚያ ድምፁን ክፈቱና እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሩ።